ኬሚስትሪ ወይስ የሕጻናት ትምህርት? በዲኤምቪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚጀምሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመግባት ለምታስቡ ሐበሾች ነው። ጥያቄዎቹ ከሁለት ወገን ይመጣሉ። ነርስ ወይም ፋርማሲስት መሆን የሚፈልግ ሰው ስለ ኬሚስትሪ ይጠይቃል። ዴይኬር የምትሠራ ወይም የራሷን መክፈት የምታስብ ደግሞ ስለ ሕጻናት ትምህርት ትጠይቃለች። አንዳንድ ቤት ባል አንዱን፣ ሚስት ሌላውን ይዘው ይጨነቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያቀረብኩት ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለቱ የቱን ልማር? የትኛው ይቀላል?

«የትኛው ይቀላል» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «መጨረሻ ላይ ምን ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ?» የሚለው ነው። ቀጥሎ ያ ሥራ የትኛውን ወረቀት እንደሚጠይቅ ታጣራላችሁ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይሄዳል። ጓደኛው የወሰደውን ኮርስ ይወስዳል፤ ከሁለት ሴሚስተር በኋላ ኮርሱ ለሚፈልገው ፕሮግራም እንደማይቆጠር ይሰማል። ገንዘቡም ጊዜውም ሄደ ማለት ነው።

በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደረጃ ኬሚስትሪ ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም። ወደ ነርሲንግ፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ላቦራቶሪ ወይም ወደ ኢንጂነሪንግ የሚያስገባ በር ነው። የሕጻናት ትምህርት ግን ቶሎ ሥራ ላይ ያደርሳል። እየሠሩ መማርም ይቻላል። ክፍያው ዝቅተኛ መሆኑን ግን አልደብቃችሁም። ዲሲ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ የዴይኬር አስተማሪዎችን ደመወዝ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ጋር ለማቀራረብ የተቋቋመ ፈንድ አለ። መጠኑ በየዓመቱ በከተማዋ በጀት ላይ ስለሚወሰን፣ ሥራ ስትጀምሩ «ማዕከሉ በፈንዱ ውስጥ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከአገር ቤት ዲግሪ አለኝ። ከዜሮ ልጀምር?

በፍጹም። መጀመሪያ ዲግሪያችሁ ይገመገም። እንደ ደብሊውኢኤስ ያሉ ድርጅቶች አሉ። ኮሌጃችሁ የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስታመለክቱ «ኮርስ በኮርስ» የሚባለውን ግምገማ ምረጡ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ኬሚስትሪያችሁ ወይም ባዮሎጂያችሁ በክሬዲት የሚቆጠርላችሁ በእሱ ነው። አጠቃላዩ ግምገማ «የባችለር ዲግሪ አላት» ከማለት አያልፍም።

የሚያስቸግረው ትራንስክሪፕቱን ከአገር ቤት ማስላክ ነው። ገምጋሚዎቹ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ፣ ታሽጎ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ የወጪ መጋራቱን ሳይጨርስ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣለትም። ስለዚህ ወጪ መጋራቱን መክፈልና አገር ቤት የሚሮጥላችሁን ሰው መወከል የመጀመሪያው ሥራ ነው። ወራት ሊወስድ ይችላል። ኮሌጅ እስክትገቡ አትጠብቁ፤ ዛሬ ጀምሩት።

አገር ቤት በነርስነት የሠራችሁ ከሆነ፣ ኬሚስትሪ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትኖሩበትን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ ጠይቁ። መንገዳችሁ ኮርስ መድገም ሳይሆን ማስረጃ አስገምግሞ ለፈቃድ ፈተናው መቀመጥ ሊሆን ይችላል።

ክፍያውን እንዴት እችለዋለሁ?

ግሪን ካርድ ካላችሁ ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሙሉ። ዲቪ ደርሷችሁ በቅርብ የመጣችሁም ትችላላችሁ። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ የማይመለሰውን ፔል ግራንት ታገኛላችሁ። በ2025-26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዋጋ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ብዙዎችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ፔል የሚሰጠው በመጀመሪያው የባችለር ዲግሪ መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው። ከአገር ቤት የመጣውም ዲግሪ ይቆጠራል። ዲግሪ እያላችሁ «የለኝም» ብላችሁ እንዳትሞሉ። ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት ቅጽ ነው፤ ውሸቱ ሲገኝ ገንዘቡን ከመመለስ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ዲግሪ ያላችሁ ሌሎች መንገዶችን ተመልከቱ። አንዱ የኮሌጁ የራሱ ስኮላርሺፕ ነው። አሠሪያችሁም ሊከፍል ይችላል፤ ሆስፒታሎችና ትልልቅ ዴይኬሮች ለሠራተኛ ትምህርት የሚያወጡት ገንዘብ አለ።

ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ደግሞ ጂ3 የሚባል የስቴቱ ፕሮግራም አለ። በ2021 የወጣ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አምስት መስኮችን ይደግፋል፤ ጤናና የሕጻናት ትምህርት ሁለቱም ከአምስቱ ውስጥ ናቸው። የገቢ ጣሪያው ሰፊ ስለሆነ «እኔ እሠራለሁ፣ አይሰጡኝም» ብላችሁ አትለፉት። ለሕጻናት አስተማሪዎች ብቻ የተዘጋጀ ቲች የሚባል ስኮላርሺፕም አለ። ዴይኬር እየሠራችሁ ከሆነ ዳይሬክተራችሁን ጠይቁ።

አዲስ መጤዎች ደግሞ የነዋሪነት ጉዳይን እንዳትረሱ። ቨርጂኒያ ላይ የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት በአብዛኛው አንድ ዓመት መኖር ይጠበቃል። የኪራይ ውላችሁን፣ የመንጃ ፈቃዳችሁን፣ የግብር ወረቀታችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጡ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ኢኤስኤል (ለውጭ ተናጋሪዎች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ኮርስ) ሳልጨርስ እነዚህን ኮርሶች መውሰድ እችላለሁ?

የምደባ ፈተናው ይወስናል። ፈተናውን ሳትዘጋጁ አትቀመጡ። ሁለት ሳምንት ልምምድ አንድ ሙሉ የኢኤስኤል ሴሚስተር ሊያስቀርላችሁ ይችላል። የሚገርመው፣ እንግሊዝኛ በብዛት የሚጠይቀው ኬሚስትሪ ሳይሆን የሕጻናት ትምህርት ነው። ኬሚስትሪ ቁጥርና ምልክት ይበዛዋል። የሕጻናት ትምህርት ግን ማንበብና መጻፍ ነው፤ በየሳምንቱ ጽሑፍ አለ።

ኬሚስትሪ ከተማርኩ 15 ዓመት አልፎኛል። የትኛውን ኬሚስትሪ ልመዝገብ?

ኮሌጆቹ በአብዛኛው ሦስት ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያው መግቢያ ኬሚስትሪ ነው፤ ለረሳና ጨርሶ ላልተማረ። ሁለተኛው ጄኔራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት ነው። ሦስተኛው ኦርጋኒክ ነው። ፋርማሲ ወይም ሕክምና የሚያስብ ሰው እስከ ሦስተኛው ይደርሳል። የነርሲንግ ፕሮግራሞች ግን ይለያያሉ። አንዱ የኮሌጅ ኬሚስትሪ ይጠይቃል፤ ሌላው የሃይስኩል ኬሚስትሪ ይበቃዋል። የምታመለክቱበትን ፕሮግራም ዝርዝር አትማችሁ ያዙና ከአድቫይዘር ጋር ተቀመጡ። «ኬሚስትሪ ስንት ልውሰድ?» አትበሉ። «ለዚህ ፕሮግራም፣ በዚህ ዝርዝር ላይ፣ የትኛው ኮርስ ነው የሚቆጠረው?» በሉ።

የሳይንስ ኮርስ ቀን ሊያልፍበት እንደሚችልም እወቁ። ብዙ የጤና ፕሮግራሞች ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ የተወሰዱ መሆን አለባቸው ይላሉ። አምስት የሚሉ አሉ፣ አሥር የሚሉም አሉ። ስለዚህ ኬሚስትሪውን ዛሬ ወስዶ ነርሲንጉን ከስምንት ዓመት በኋላ ማሰብ አደጋ አለው።

አሁን ደግሞ የሚያበረታው። እኛ ኬሚስትሪን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። ኮቫለንት፣ ቫለንስ፣ ሞላሪቲ የሚሉት ቃላት አዲስ አይደሉም። ግራምና ሊትርም የራሳችን ናቸው። በፓውንድና በአውንስ ያደጉት የክፍል ጓደኞቻችሁ ኪሎግራም ሲባል ይጨነቃሉ፤ እናንተ ግን ስኳርም ሥጋም በኪሎ ስትገዙ ነው ያደጋችሁት። የጠፋባችሁ ልምምዱ ነው። ሰመሩን በሙሉ በሒሳብ ላይ አሳልፉት። ክፍልፋይ፣ ኤክስፖነንት፣ ሎጋሪዝም፣ አንድ ፊደል ከእኩልታ ነጥሎ ማውጣት። ኬሚስትሪ የሚጥለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወደቀው ሒሳቡ ላይ ነው።

ሞል የሚባለው ነገር አሁንም አይገባኝም። ያለሱ ማለፍ ይቻላል?

አይቻልም። ግን ይገባችኋል። ሞል የብዛት ስም ነው፤ ደርዘን 12 እንደሚባለው ሁሉ። ልዩነቱ ቁጥሩ ግዙፍ መሆኑ ነው፤ 6.022 ሲባዛ በ10 ኃይል 23። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ይመዝናል። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያች ማንኪያ ውስጥ ያን ሁሉ የውሃ ሞለኪውል ይዛችኋል። አተሞችን አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል፣ በሚዛን መዝነን ወደ ብዛት እንቀይራለን። ከዚያ በኋላ ያለው የኮርሱ ግማሽ ይህንኑ መለወጥ ነው። ግራም ወደ ሞል፣ ሞል ወደ ሞል፣ ሞል ወደ ግራም። በቀን አምስት ጥያቄ ለአንድ ወር ሥሩ።

ለነርስ ኬሚስትሪ ምን ያደርግላታል?

አሃድ በአሃድ እየሰረዙ ማስላትን ያስተምራታል። የመድኃኒት መጠን የሚሰላው በዚሁ ዘዴ ነው። አንድ ልጅ 44 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። 44 በ2.2 ሲካፈል 20 ኪሎ ነው። ሐኪሙ በኪሎ 15 ሚሊግራም አሲታሚኖፌን አዟል፤ 300 ሚሊግራም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊሊትር 160 ሚሊግራም ይላል። 300 በ5 ተባዝቶ በ160 ሲካፈል 9.4 ሚሊሊትር ገደማ። (ይህ የስሌት ምሳሌ ነው፤ ለልጃችሁ የምትሰጡትን ከሐኪም ጠይቁ።) ፓውንዱን ወደ ኪሎ ሳትቀይር ያሰላች ነርስ ለልጁ ከእጥፍ በላይ ትሰጠዋለች። ጄኔራል ኬሚስትሪ ውስጥ መምህሩ አሃድ ስላልጻፋችሁ ነጥብ ሲቀንስባችሁ አትናደዱ።

ከዚያ ውጪ የደም ፒኤች፣ የግሉኮስ ፈሳሽ ክምችት፣ ኦክስጅን በግፊት ስር የሚያሳየው ጠባይ፣ ሁሉም ከዚሁ ክፍል የሚወጡ ናቸው።

ላቡን (ላቦራቶሪውን) እፈራዋለሁ። አገር ቤት ላብ ገብቼ አላውቅም።

ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ቲትሬሽንን (የአሲድን መጠን በቤዝ መለካትን) ከመጽሐፍ ሸምድደን፣ ቡሬት የሚባለውን ባለቧንቧ መለኪያ ቱቦ በእጃችን ሳንነካ ነው ያለፍነው። እዚህ በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት ያህል ቆማችሁ ትሠራላችሁ። መነጽር ግዴታ ነው። ጫማ የተሸፈነ፣ ፀጉር የታሰረ። ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ አይገባም። ሒጃብ የምታደርጉ ጫፉን ልብሳችሁ ውስጥ አስገቡት።

ቲትሬሽኑ እንዲህ ነው የሚሠራው። አሲዱ ከታች በፍላስኩ፣ ቤዙ ከላይ በቡሬቱ ነው። ፍላስኩ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን የሚባል ቀለም አመልካች አለ። መጀመሪያ ቀለም የለውም። ቤዙ ሲወርድ ሮዝ ብልጭ ይልና ይጠፋል። መጨረሻው ሲቀርብ ለመጥፋት ጊዜ ይወስድበታል። ያኔ ጠብታ በጠብታ ነው። የምትፈልጉት ሳይጠፋ የሚቆየውን በጣም የፈዘዘ ሮዝ ነው። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ከትክክለኛው ነጥብ አልፋችሁ ሄዳችኋል፤ እንደገና ጀምሩ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያልፈዋል። ፈጠን ያለ እጅ ሳይሆን የተረጋጋ እጅ ነው የሚፈልገው።

ላብ ሪፖርት ላይ አንድ ነገር በቁም ነገር ያዙልኝ። እኛ አብረን ማጥናት እንወዳለን፤ ጥሩ ነው። አብሮ መጻፍ ግን እዚህ አገር ከባድ ጥፋት ነው። ከላብ ጓደኛችሁ ጋር መረጃው አንድ ሊሆን ይችላል። ማብራሪያው የየራሳችሁ መሆን አለበት። «ወንድሜ ያንተን ላክልኝና አያለሁ» የሚለው መልእክት ሁለት ሰው ከትምህርት ሊያስወጣ ይችላል። እምቢ ማለት ክፋት አይደለም። ቁጭ ብላችሁ አስረዱት፤ ወረቀቱን ግን አትላኩ።

ኬሚስትሪን ኦንላይን ብወስድስ?

ሌክቸሩን ኦንላይን መውሰድ ይቻላል። ላቡን ግን አንዳንድ የጤና ፕሮግራሞች በአካል ካልሆነ አይቀበሉም። በጽሑፍ አረጋግጡ። ለረሳ ሰው ደግሞ ክፍል መግባቱን እመክራለሁ።

ዴይኬር ለመሥራት የግድ ዲግሪ ያስፈልጋል?

የት ነው የምትሠሩት? ዲሲ ከሌላው አገር ቀድማ በ2016 ባወጣችው ደንብ በማዕከል ውስጥ ዋና አስተማሪ የሆነ ሰው በሕጻናት ትምህርት አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪ እንዲኖረው፣ ረዳቶች ደግሞ ሲዲኤ የሚባለውን የሕጻናት አስተማሪዎች የሙያ ማረጋገጫ እንዲይዙ ጠየቀች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ደንቡ ጸና። ቀነ ገደቡ ጥቂት ጊዜ ተራዝሞ በ2023 መጨረሻ ደረሰ። በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸው የሕጻናት ትምህርት ክሬዲት ጨምረው የሚያሟሉበት መንገድም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው «90 ሰዓት» የሚባለው ሥልጠና ነው፤ ግማሹ ስለ ልጅ እድገት፣ ግማሹ ስለ ማስተማሪያ ዝግጅት። ቨርጂኒያ ላይ እንደ ኃላፊነታችሁ ይለያያል።

ሲዲኤ በሁሉም ቦታ ስለሚታወቅ ለመነሻ ጥሩ ነው። 120 ሰዓት ሥልጠና፣ ከልጆች ጋር 480 ሰዓት ሥራ፣ ፖርትፎሊዮ፣ ክፍል ውስጥ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ፣ ከዚያ ፈተና። በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የሃይስኩል ማስረጃ ይጠይቃል፤ 12ኛን ያልጨረሳችሁ መጀመሪያ ጂኢዲ (የሃይስኩል አቻ ፈተና) ውሰዱ።

90 ሰዓት ጨርሻለሁ። ሲዲኤም አለኝ። ኮሌጅ ይቆጥርልኛል?

ሲዲኤን ብዙ ኮሌጆች በክሬዲት ይቀይራሉ። 90 ሰዓቱ በአብዛኛው ክሬዲት የሌለው ሥልጠና ነው፤ የሚቀይሩ ኮሌጆች ግን አሉ። የት እንደወሰዳችሁት ይወስነዋል፤ ጠይቁ።

ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አለ። የምትይዙት አሶሼት ዲግሪ የትኛው ነው? «አፕላይድ» የሚል ቃል ያለበት ለሥራ የተዘጋጀ ነው። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሲኬድ ብዙ ክሬዲት ሊወድቅ ይችላል። ሜሪላንድ ውስጥ «አሶሼት ኦፍ አርትስ ኢን ቲቺንግ» የሚባለው ደግሞ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሻገር ታስቦ የተሠራ ነው። በዴይኬር ለመቆየት የመጀመሪያው ይበቃል። የሕዝብ ትምህርት ቤት ለመግባት ከፈለጋችሁ ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለተኛውን ያዙ።

ሦስት ልጅ አሳድጌያለሁ። ስለ ልጅ ምን ሊያስተምሩኝ ነው?

ይህን ጥያቄ የምትጠይቁ እናቶች ልክ ናችሁ፤ የያዛችሁት እውቀት ትልቅ ነው። ኮርሱ የሚጨምርላችሁ የምታውቁትን በሙያ ቋንቋ መናገርና የማታውቁትን ልጅ ማየት ነው። የራሳችሁን ልጅ ከማሕፀን ጀምሮ ታውቁታላችሁ። ክፍል ውስጥ ግን ስምንት ልጅ አለ፤ ከስምንት ቤት የመጣ።

ብዙ ተማሪ የሚከብደው ምልከታ ነው። «ልጁ ባለጌ ነው፤ ተናዶ ጓደኛውን መታ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አይቆጠርም። እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

«9፡10 ጠዋት። ኤም ሰማያዊውን ኩብ ያዘ። ቲ ከእጁ ወሰደበት። ኤም የቲን ትከሻ በቀኝ እጁ መታ። ከዚያ ዞሮ መምህሯን አየ። አልተናገረም።»

ስም የለም፤ ፊደል ብቻ። ፍርድ የለም። ያያችሁት ብቻ። ሁለተኛውን ስታነቡ ልጁ ቃል እንዳጠረው ይታያችኋል። የሚያስፈልገው ቅጣት ሳይሆን «የኔ ነው፣ መልስልኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ልጅ «አስቸጋሪ» ተብሎ ዓመት ሙሉ ከሚቆይ እንዲህ ያለ አምስት መስመር ቢጻፍለት እንዴት በተሻለው።

ስለ ቅጣት በግልጽ እንነጋገር። ፈቃድ ባለው ዴይኬር ውስጥ ቁንጥጫም፣ ጆሮ መጎተትም፣ ማስፈራራትም የለም። «ለልጁ ብዬ ነው» አይሠራም። አስተማሪ በሕግ ሪፖርት የማድረግ ግዴታም አለባት፤ በልጅ ላይ ጉዳት ሲጠረጠር ዳይሬክተሯ እስክትፈቅድ መጠበቅ አይቻልም። ይህ በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም ያው ነው።

የእድገት ክፍሉ ደግሞ ደስ ይላል። የስድስት ወር ሕጻን የያዘችውን መጫወቻ በፎጣ ብትሸፍኑባት ፊቷን ታዞራለች። ጥቂት ወር ቆይታ ግን ፎጣውን ገልጣ ትፈልገዋለች። የልጅ አስተሳሰብ እድገትን ያጠናው ፒያዤ የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ባይታይም እንዳለ ማወቅ። ይህ ሲገባችሁ ሕጻኗ ከክፍል ስትወጡ ለምን ማልቀስ እንደጀመረች ይገባችኋል።

ዘዬዬ ያሳፍረኛል። አማርኛዬስ ይጠቅመኛል?

ይጠቅማል። በዲኤምቪ ክፍሎች ውስጥ ቤታቸው አማርኛ የሚነገርላቸው ልጆች ሞልተዋል። ኮርሱ ራሱ የቤት ቋንቋን መጠበቅ ለልጁ ሁለተኛ ቋንቋም እንደሚረዳ ያስተምራል። የትምህርት ዕቅድ አዘጋጁ ስትባሉ እንቆቅልሽ፣ ኩኩሉ ወይም አንድ ተረት አምጡ። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» የሚለው ምልልስ ተራ መጠበቅን፣ ማዳመጥንና ማሰብን በአንድ ጊዜ ያስተምራል። ዕቅዱ ላይ እነዚህን ግቦች ጻፉ። አስተማሪዎቹ ያልሰሙትን ነገር ሲያገኙ ይደሰታሉ።

ሙሉ ቀን እሠራለሁ። ፕራክቲከሙን (ከልጆች ጋር የሚደረገውን የተግባር ልምምድ) እንዴት አደርጋለሁ?

በቀን የሚደረግ ነው፤ ልጆች ማታ የሉም። አንዳንድ ኮሌጆች ዴይኬር ለሚሠራ ተማሪ ከፊሉን በሥራ ቦታው እንዲሠራ ይፈቅዳሉ። የጣት አሻራ፣ የጀርባ ማጣሪያና የቲቢ ምርመራ ስለሚጠየቅ ከአንድ ሴሚስተር በፊት ጀምሩ።

ኮርሱ ከበደኝ። ልተወው ወይስ ልግፋ?

በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ ጣሉት፤ የመጣያው ቀን ሳያልፍ ከሆነ ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ መዝገባችሁ ላይም አይታይም። ከዚያ በኋላ ከወጣችሁ መዝገባችሁ ላይ ከኮርሱ መውጣታችሁን የሚያሳይ «ደብሊው» ይጻፋል። ጂፒኤ አይነካም። ግን አብዛኛው ኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ለመቀጠል ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን እንድታጠናቅቁና ጂፒኤያችሁ ከ2.0 እንዳይወርድ ይጠይቃል። ደብሊው ሲበዛ ፔሉ ይቆማል። ኤፍ ደግሞ ሁለቱንም ይመታል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በአንድ ቀን ሁለት ሰው አነጋግሩ፤ መምህሩንና የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን። መምህሩን «እስካሁን ባለኝ ውጤት ሲ ማግኘት በቁጥር ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የጤና ፕሮግራሞች ከሲ በታች አይቀበሉም፤ ዲ ይዞ መጨረስ አይጠቅማችሁም። ይቻላል ካለ፣ የማስጠኛ ማዕከሉ ነጻ ነው። መጀመሪያው ፈተና ከመድረሱ በፊት ሂዱ። ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ወረፋው ረጅም ነው።